እኔን ባትጠይቁኝ ይሻላል

ምላሴ ረጅም እንደሆነ ኮልፌ ሙሉ ያውቃል። እኔም አልክድም። አጠና ተራ አጠገብ ልብስ ስሰፋ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ የሰፈሩ ተማሪ ሁሉ ዩኒፎርሙን ከኔ እጅ ለብሶ ነው ያደገው። ታዲያ ሴቶቹ ልብስ ሊያሰፉ ብቻ አይመጡም፣ ወሬ ሊሰሙም ይመጣሉ። ሟቹ ባለቤቴ ሰብስቤ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «ሙሉወርቅ፣ መኪናሽ ጨርቅ ይሰፋል፣ አፍሽ ሰው ይቀድዳል» ይለኝ ነበር። እስቅበት ነበር። ከሁሉ የከፋውን ኃጢአቴን የሠራሁት ግን ብዙ በማውራት አይደለም። ሁለት ነገር ተናግሬ፣ ከዚያ አሥራ አራት ዓመት ዝም በማለት ነው።

ዘንድሮ ስድሳ ሁለት ሞላኝ። በኛ ሰፈር ሴት ልጅ ጉልበቷ ሲከዳት፣ ልጆቿን ድራ፣ ባሏን ቀብራ ስታበቃ ትቆርባለች። በወጣትነቱ የሚቆርብ ስንት ነው? ሁላችንም «ስናረጅ» እያልን እናቆየዋለን፣ ሞት ቀጠሮ የሚያከብር ይመስል። እኔም የሰብስቤን ተዝካር ካወጣሁ በኋላ ወሰንኩ። ነጭ ቀሚሴን ራሴው ሰፋሁ። ጾሙ ሊገባ ሲል የነፍስ አባቴ ቤት ሄጄ «መምሬ፣ ዘንድሮ ለፋሲካ ልቁረብ» አልኳቸው።

መምሬ ገብረአምላክ ሰፈሩን ግማሹን ያጠመቁ፣ ግማሹን የቀበሩ ሰው ናቸው። «ደስ ይላል» አሉኝ። «መጀመሪያ ግን ንስሐ ግቢ።»

«በየዓመቱ እገባ የለ እንዴ አባቴ?»

ያውቁኛል። በየዓመቱ የምገባው ንስሐ ምን ዓይነት እንደነበረ ልንገራችሁ። እግራቸው ሥር እንበረከክና «በማወቅም ባለማወቅም፣ በሐሳብም በመናገርም በድያለሁ፣ ይፍቱኝ» እላለሁ። ከዚያ ሰው ማማቴን፣ ረቡዕ ቀን ረስቼ ወተት መቅመሴን፣ ሠራተኛዬን መቆጣቴን ጣል ጣል አደርጋለሁ። እሳቸው ሃምሳ ስግደት ይሰጡኛል፤ እሰግዳለሁ፤ ጉልበቴን ቫዝሊን እቀባለሁ፤ አለቀ። «በማወቅም ባለማወቅም» የምትለው ነገር እንደ ትልቅ ጆንያ ናት። ማሳየት ያልፈለጋችሁትን ሁሉ ከታቹ ትከቱና አፉን ታስራላችሁ። ፍቱና አሳዩኝ የሚላችሁ የለም።

«የዘንድሮው እንደ ወትሮው አይሆንም» አሉኝ መምሬ። «ሥጋወደሙ ልትቀበዪ ነው። ሂጂና ሳምንት አስቢበት። አንድ በአንድ ትነግሪኛለሽ።»

ሳምንት ማሰብ አላስፈለገኝም። የትኛው እንደሆነ ከደጃቸው ሳልወጣ አውቄዋለሁ።

የዛሬ አሥራ አራት ዓመት ነው። ጎረቤቴ እትዬ ጽጌማርያም አንዲት ልጅ አለቻት፣ እፀገነት የምትባል። እትዬ ጽጌ ከኔ በስምንት ዓመት ትበልጣለች። ባሏ ገና በወጣትነቷ ሞቶባት ልጇን ብቻዋን ነው ያሳደገችው። አጥራችን አንድ ነው፤ እሷ ጨው ሲያልቅባት፣ እኔ ሽንኩርት ሲያልቅብኝ በአጥሩ ላይ ነው የምንቀባበለው። ለእፀገነት ማርቆስ የሚባል ልጅ መጣላት፣ የብረታ ብረት ሱቅ ያላቸው ሰዎች ልጅ። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ደግሞ ይጣራል፤ ልጅቷ እንዴት ናት፣ እናቷ እንዴት ናት ተብሎ ከጎረቤት ይጠየቃል። ያን ጊዜ የኛ ሰፈር ሰው ይህን አይተውም ነበር። እናም የልጁ አጎት አቶ ፀሐዬ፣ ከዘራ የያዙ ጨዋ ሰው፣ ሱቄ ድረስ መጡ።

«ወይዘሮ ሙሉወርቅ፣ አጥር የተጋራ ሰው ያውቃል ብዬ ነው» አሉኝ። «ልጅቷ እንዴት ናት?»

ልጅቷ ወርቅ ነበረች። ትምህርት ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ቤቷ፤ ሌላ መንገድ አታውቅም። «ወርቅ ናት፣ እንዳታመልጣችሁ» ብላቸው አለቀ ነበር። ግን በዚያው ሳምንት የማርያም ማኅበር የኔ ተራ ነበርና የጋገርኩት ድፎ መሀሉ ሳይበስል ቀርቶብኛል። እትዬ ጽጌ ቁራሹን በጣቷ ጨፍለቅ አድርጋ «ሙልዬ፣ ይሄ ገና ሊጥ ነው፣ ተመልሶ ይቡካ» አለች በሰው ፊት። ሴቱ ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፣ ሆዴ ግን ቂሙን ይዞ ቀረ። ድፎውም ቢሆን ሰበብ ነው። እርር ድብን ያደረገኝ ሌላ ነው። የኔዋ ቤተልሄም ከእፀገነት ሦስት ዓመት ትበልጣለች፣ ለሷ ከዘራ ይዞ የመጣ አንድም ሰው አልነበረም።

መቀሴን አስቀመጥኩና «ጋሼ፣ ስለ እትዬ ጽጌ ልጅ እኔን ባትጠይቁኝ ይሻላል» አልኳቸው። «ጎረቤት ነን። ነገ ዓይን ለዓይን እንተያያለን።»

በቃ፣ ይችው ናት። ባለገች አላልኩም፣ ሰረቀች አላልኩም። አቶ ፀሐዬ «ገባኝ» ብለው ባርኔጣቸውን አድርገው ወጡ። ምን እንደገባቸው እሳቸውና እግዜር ያውቃሉ። ልጠራቸው እችል ነበር። ከሱቄ እስከ አስፋልቱ ሃያ እርምጃ አይሞላም፣ እሳቸው ደግሞ ቀስ ብለው ነው የሚራመዱት። ቆሜ ጀርባቸውን አየሁና ወደ መኪናዬ ተመለስኩ።

በሁለት ሳምንቱ ከልጁ ቤት መልእክት መጣ፣ «ልጃችን ለጊዜው አልተዘጋጀም» የሚል። እትዬ ጽጌ ጌሾዋን አስወቅጣ፣ ብቅሏን አስፈጭታ ጨርሳለች። እፀገነት ወር ሙሉ ከቤት አልወጣችም።

«ሙልዬ፣ ማን ይሆን እንዲህ ያደረገኝ?» አለችኝ እትዬ ጽጌ አንድ ቀን በአጥሩ በኩል፣ ዓይኗ አብጦ።

ሁለተኛው ጥፋቴ ይሄ ነው፣ ከመጀመሪያው የባሰው። እትዬ ጽጌ አንድ ወንድም ነበራት፣ የኔሰው የሚባል፣ አስኮ የሚኖር አናጢ። ጋብቻውን ፊት ለፊት ተቃውሞ ነበር። «ልጅቷ ኮሌጇን ትጨርስ፣ ባል የትም አይሄድባትም» ብሏል፣ ሁላችንም ሰምተናል። እኔ ታዲያ አቀርቅሬ ጎመኔን እየቀነጠስኩ፣ «እንግዲህ እትዬ፣ የሩቅ ሰው ምን ቸገረው? የቅርብ ሰው ነው እንጂ» አልኳት። ስሙን አልጠራሁም። እሷው ጠራችው።

እዚያው አጥሩ ሥር ማለች። «ከእንግዲህ ደጄን እንዳይረግጥ። ብሞት እንዳይቀብረኝ፣ ቢሞት አልቀብረውም» አለች። እናትና አባታቸው በልጅነታቸው ሞተው እሷ ናት በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው። ሲያገባ በእናቱ ቦታ የተቀመጠችው እሷ ናት። ይህን ሁሉ አውቃለሁ፣ አውቄም ጎመኔን ይዤ ገባሁ።

የኔሰው ብዙ ታገሠ። ስልክ ደወለ፣ አላነሳችለትም። ለገና በግ ላከላት፣ መለሰችው። በሦስተኛው ዓመት፣ ለሆሳዕና ሳምንት ሲቀረው፣ ድንጋይ ተሸክሞ መጣ። እንደ ድሮው ወግ፣ ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ከኮብልስቶኑ መታጠፊያ ጀምሮ እስከ በሯ። ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ የልጆች አባት። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ አየ። እኔም ወጥቼ በሬ ላይ ቆምኩ፣ ከሱ አሥር እርምጃ አልርቅም።

እትዬ ጽጌ በሩን ከፈተች። ድንጋይ ተሸክሞ ደጅ የመጣን ሰው እምቢ ማለት ነውር ነው። ገዳይ እንኳ ይታረቃል።

«አድርጌያለሁ በል» አለችው። «አንዲት ቃል ናት። አድርጌያለሁ በልና ድንጋዩን በገዛ እጄ አወርድልሃለሁ።»

«አላደረግሁም፣ እህት ዓለም» አለ እንደጎበጠ። «ያላደረግሁትን አደረግሁ ብዬ በጾም አልዋሽም። አዝነሽብኛል ግን፣ ማዘንሽ ይበቃኛል። ይቅር በይኝ።»

«እየዋሸህ ነው ይቅርታ የምትለምነኝ?» አለችና በሩን ዘጋችው።

ያን ጊዜ አንዲት ቃል ብናገር ሁሉም ያልቅ ነበር። «እኔ ነኝ» ማለት ምን ያህል ይከብዳል? ሰፈሩ ሁሉ ቆሟል፤ ደንበኞቼ ቆመዋል፤ የማኅበሩ ሴቶች ቆመዋል። ፈራሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም፣ ፈጥሬም አልነግራችሁም። የኔሰው ብዙ ቆየ። ከዚያ ድንጋዩን ቀስ አድርጎ አወረደና ሰው እንዳያደናቅፍ ወደ ጥግ ገፋው። ቀና ሲል አየኝ። «ደህና ዋልሽ ወይ ሙሉወርቅ?» አለኝ። «እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩት።

የዛሬ ሦስት ዓመት የኔሰው ሞተ። ስኳር ነበረበት፣ እግሩን ጀምሮት ኩላሊቱ ላይ ጨረሰው። እትዬ ጽጌ «ምያለሁ» ብላ በሯን ዘግታ ቀረች። እኔ ግን ሄድኩ። ያጣላኋቸው እኔ፣ ጥቁር ለብሼ፣ ከእድርተኛው ጋር ታክሲ ተሳፍሬ አስኮ ድረስ ሄጄ ቀበርኩት። ድንኳን ተቀምጬ ንፍሮውን በላሁ። ሚስቱ ሃና አንገቴን አቅፋ «እህቱ ስትቀርበት አንቺ መጣሽለት፣ እግዜር ያክብርሽ» አለችኝ። አሜን አልኳት። ያ ሁሉ ምላሴ ያን ለት ከአሜን ሌላ አልወጣውም።

ይህን ይዤ እንዴት ነው የኖርኩት ብትሉኝ፣ እንዲህ ነው። እፀገነት ኮሌጇን ጨረሰች፣ ሐዋሳ መምህርት ሆነች፣ እዚያው ደህና ሰው አግብታ ሁለት ወለደች። ማርቆስ ጠጪ ወጣው አሉ። «ይኸው፣ ለበጎ ነው፤ ከመከራ ነው ያወጣኋት» እል ነበር ለራሴ። የኔሰውን ሳስብ ደግሞ የሞተ ሞቷል እልና መኪናዬን እረግጣለሁ።

በሳምንቱ ለመምሬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ጆንያውን ፈታሁት። ስጨርስ ቀና ብዬ ሳያቸው መስቀላቸው ጉልበታቸው ላይ ወድቋል፣ ጢማቸው ረጥቧል።

«የኔሰውን ድንጋይ ተሸከም ያልኩት እኔ ነኝ» አሉኝ። «'አባቴ፣ እኔ እኮ አላደረግሁም' ሲለኝ፣ 'ግድ የለም፣ ታናሽ ነህ፣ ተሸከም' አልኩት። ሲመለስ 'ምን አለችህ?' አልኩት። 'አልበረደላትም፣ ይበርድላታል' አለኝ። ሊሞት ሲል ልጠይቀው ብሄድ፣ ከሚስቱ ቀጥሎ አደራ ያለኝ እህቱን ነው።»

«አባቴ፣ ይፍቱኝ» አልኳቸው።

«ገና ነሽ።»

«ሁሉን ነገርኩዎት እኮ።»

«ለኔ ነገርሽኝ። የበደልሽው እኔን ነው እንዴ?»

ያን ጊዜ ምላሴ ተመለሰልኝ። «ሰውየው ሞቷል፤ ልጅቷ ተድራለች። አሁን ብነግራት ምን ይጠቅማታል? ሰባ ዓመቷ ነው። ቆርባ፣ በሰላም ተቀምጣለች፤ እኔ ሄጄ ልገድላት ነው?»

«በሰላም?» አሉ መምሬ። «ንጹሕ ወንድሟን በደለኛ አድርጋ ይዛ ነው የተቀመጠችው። ስንቴ ነገርኳት። 'እሱ ይመን' ትለኝ ነበር። ታርቀሽ ቁረቢ ብዬ ልከለክላት ይገባኝ ነበር፣ አልጨከንኩም። እሱ የኔ ዕዳ ነው። አንቺ ግን ስሚኝ። የሞተም ሰው ስም አለው። ስሙን መልሺለትና ነይ።»

ተናድጄ ወጣሁ፣ ምን ልዋሻችሁ። ንስሐ ሸክም ማውረድ ነው ሲባል ነው ስሰማ የኖርኩት። ማን ላይ ነው የሚወርደው ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ሌላ ቄስ ልፈልግ አሰብኩ። ከተማው ሰፊ ነው፤ ከማያውቁኝ ዘንድ ሄጄ «በማወቅም ባለማወቅም» ብል አርባ ስግደት ሰጥተው ይሸኙኛል። አንድ ቀን አውቶቡስ ተራ ድረስ ሄጄ ሁሉ ነበር። ከዚያ ነጩ ቀሚሴ ሳጥን ላይ ተጣጥፎ ትዝ አለኝ፣ ያንን ለብሼ የኔሰውን እንደተሸከምኩ ልቀርብ ነው አልኩና ተመለስኩ።

ሰኞ ረፋድ ላይ እትዬ ጽጌ ደጇ ተቀምጣ ፀሐይ እየሞቀች ምስር ትለቅማለች።

«ነይ ሙልዬ፣ ያንቺ ዓይን ይሻላል፣ ድንጋዩን አውጪልኝ» አለችኝ። ተቀምጬ ትንሽ ለቀምኩላት። ከዚያ ሠፌዱን ከጉልበቷ ላይ አንስቼ መሬት አስቀመጥኩና ተንበረከክሁ።

«ምነው? ምን ሆነሻል?»

«የእፀገነትን ጋብቻ ያፈረስኩት እኔ ነኝ እትዬ» አልኳት። «አቶ ፀሐዬ ሱቄ መጥተው ጠየቁኝ። 'ስለሷ እኔን ባትጠይቁኝ ይሻላል' አልኳቸው። ስለ ድፎው ሰድበሽኝ ነበር፣ ደግሞም ቀናሁ። የኔሰው ለማንም ምንም አላለም። 'የቅርብ ሰው ነው' ያልኩሽ ራሴን ለማዳን ነው።»

ትጩህ፣ ትርገመኝ፣ ምስሩን አናቴ ላይ ትድፋው ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን መሬት መሬት ታያለች። ከአጠና ተራ የመጋዝ ድምፅ ይመጣል፣ ያቆማል፣ ደግሞ ይመጣል።

«ድንጋይ ተሸክሞ የመጣ ለት በርሽ ላይ ቆመሽ ነበር» አለችኝ በመጨረሻ።

«ቆሜ ነበር።»

«ታውቂ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«እሱ እውነቱን ነበር እንግዲህ።»

«እውነቱን ነበር እትዬ።»

እግሯን ያዝኩ። «ይቅር በይኝ» አልኳት። እግሯን አልሰበሰበችም፣ እኔንም አላየችኝም።

«አሁን እሱን አትጠይቂኝ» አለች። ድምጿ የሌላ ሰው ነው። «አንቺስ በሕይወት አግኝተሽኝ እግሬን ያዝሽ። እኔ የማንን እግር ልያዝ? ስምንት ዓመት ስቆርብ፣ መምሬ 'ቂም የለሽም ወይ?' ሲሉኝ 'ጥፋቱ የሱ ነው' እያልኩ... አፌን ከፍቼ እየተቀበልኩ... ወንድሜ አፈር ሲለብስ እዚህ በር ዘግቼ ተቀምጬ...»

አልጨረሰችውም። ይህን ሁሉ ዓመት ስፈራ የኖርኩት ስለራሴ ነበር፤ ሰው ምን ይለኛል፣ እግዜር ምን ይለኛል፣ ሲኦል ትበላኛለች እያልኩ። ያን ጠዋት ግን ራሴን ረሳሁት። አንዲት የሰባ ዓመት ሴት ፊቴ ተቀምጣ ወንድሟን ታጣለች፣ ያሳጣኋት እኔ ነኝ። በሕይወቴ እንደዚያ አዝኜ አላውቅም፣ በሰብስቤም ጊዜ።

ተነሥታ ገባች። ስትወጣ ጥቁር ለብሳለች፣ ነጠላዋን ልቅሶ እንደሚሄድ ሰው አዘቅዝቃዋለች።

«ተነሺ» አለችኝ። «አስኮ እንሂድ። ለሃና አንቺ ትነግሪያታለሽ። እኔ አለቅሳለሁ።»

«ይቅርታውስ እትዬ?»

«መጀመሪያ ልቅሶዬን ልድረስ» አለች።

ከፌርማታው ታክሲ ተሳፈርን። ዊንጌት ላይ ወርደን የአስኮ ታክሲ ያዝን፣ ከኋላ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ታክሲው ሞልቶ ሲንቀሳቀስ ጀመራት። መጀመሪያ ቀስ ብላ፣ ለራሷ እንደምታወራ ሁሉ፣ «የኔሰው፣ የኔሰው» አለች። ቀጥሎ ድምጿ ወጣ። «አዝዬ ያሳደግሁህ፣ ደጄ መጥተህ በሬን የዘጋሁብህ፣ ወንድሜ» እያለች አለቀሰች። ሾፌሩ ሙዚቃውን አጠፋ። ደረቷን ልትመታ እጇን ስታነሣ ያዝኳት፣ ልቅሶ ላይ ሰው እንደሚያዝ። አልገፋችኝም። ክብደቷን ሁሉ እኔ ላይ ጣለች።

ከፊታችን የተቀመጠች ሴት ዞራ «እናቴ፣ ማን አርፎብዎት ነው?» አለቻት።

«ወንድሜ።»

«ውይ፣ እግዜር ያጽናዎት። መቼ ነው ያረፉት?»

እኔ አቀረቀርኩ። ሦስት ዓመት አልፎታል።

«ዛሬ» አለች እትዬ ጽጌ። «ዛሬ ጠዋት።»